የጎመን ምንቸትና የጓሮ መሬት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቃሉ የደስታ ቃል ነው፤ የችግር ወራት አለፈ፣ የጥጋብ ወራት መጣ ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉን መርምረን ያየነው እንደ ሆነ አንድ የተዘነጋ ውለታ እናገኝበታለን። ይኸውም የዓምናው እህል ከጎተራ ተሟጦ፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ ሐምሌንና ነሐሴን አሻግሮ ቤተ ሰቡን ለመስከረም ያበቃው ያው «ውጣ» የተባለው ምንቸት መሆኑ ነው። ጎመኑም የበቀለው በሩቅ እርሻ ሳይሆን ከቤቱ ጀርባ፣ የእመቤቲቱ እጅ አመድና ፍግ በደፋበት ጓሮ ነው። ስለ ጓሮ አትክልት ጥቅም ስንነጋገር ከታሪክ መጀመራችንም ስለዚህ ነው።

በአገራችን «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወቀው ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። በዚያን ጊዜ የደስታ በሽታ የተባለው የከብት እልቂት በምጽዋ በኩል ገብቶ አገሩን አዳረሰ። ከመቶው ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ዝናም ቀረ፤ አንበጣና ተምችም በዚያ ላይ ተጨመረ። ከሕዝቡም ሢሶው እንዳለቀ የሚገምቱ ጸሐፊዎች አሉ።

እንግዲህ የከብት ሞት እንዴት የሰው ሞት ሊሆን ቻለ? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የደጋው ገበሬ ኑሮው በሙሉ በበሬ ጫንቃ ላይ የተመሠረተ ነበር። መሬቱ ሳይጠፋ፣ ሞፈርና ቀንበሩ በጓዳው እንደ ተሰቀለ፣ በሬ ብቻ ስለ ጠፋ እርሻው ጦም አደረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ ይሆኑ ዘንድ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸውን ታሪክ ይነግረናል። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። መቆፈር ከማረስ ያነሰ ሥራ ተደርጎ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዶማ መሥራት ውርደት አለመሆኑን በእጃቸው አስተማሩ።

ወደ ደቡብ የተመለከትን እንደ ሆነ ግን፣ በዶማና በመቆፈሪያ መኖር ለክፉ ቀን ብቻ የተፈለሰፈ ዘዴ አለመሆኑን እናያለን። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሌሎችም አገሮች እንሰት ከቤት አጠገብ ተተክሎ ትውልድን ሲመግብ ኖሯል። ከ40 እስከ 60 የሚሆን የእንሰት ተክል፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ በቅሎ፣ አምስት ወይም ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤተ ሰብ ሊመግብ እንደሚችል አጥኚዎች ጽፈዋል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ዝናም መቅረት ብቻ አይጠፋም። ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ የእንሰት አገሮች እንደ ሰሜኑ ያልተጎዱት ስለዚህ ነው ይባላል። ሆኖም እንሰትም ጠላት አለው፤ አጠውልግ የተባለው በሽታ ያገኘውን ተክል ያደርቀዋል። ስለዚህ ብልህ ባለ ጓሮ በእንሰቱ መካከል ጎመን፣ ቡናና ቦዬ እየደባለቀ ይተክላል እንጂ ተስፋውን በአንድ ተክል ላይ ብቻ አይጥልም።

ጓሮ የአዲስ ነገር መግቢያ በርም ነው። ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይሠራበት በርበሬ፣ ቲማቲምና በቆሎም፣ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ድንችንም በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ያስገባው በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል።

ታላላቆቹ መንግሥታትም በጭንቃቸው ጊዜ ወደ ጓሮ ተመልሰዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ሜዳውንና የአበባ ቦታውን ቆፍሮ ድንችና ጎመን ተከለ። በአሜሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት የጓሮ እርሻ ነበረ፤ ከአገሩ አትክልት ከመቶው 40 ያህሉ ከዚያ እንደ ተገኘ ተጽፏል። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልትም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ አትክልት አስተክለዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ብዙው ሰው ጓሮውን ተወው። የጎመን ምንቸት እዚያም «ውጣ» ተባለ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ! ጓሮ ጎተራን አይተካም። ነገር ግን ጎተራ የማይሰጠውን ይሰጣል። እህል ሆድን ሲሞላ፣ ጎመን፣ ካሮትና ፓፓያ የዐይን ብርሃንን ይጠብቃሉ፤ ዳፍንት የሚባለው ሕመም ሕፃናትን የሚይዘው እንዲህ ያለ ምግብ ሲጎድልባቸው ነውና። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ያሉትም በከንቱ አይደለም።

በከተማ የሚኖርና ሰፊ ቦታ የሌለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። አፈር በሞላ ከረጢት ወይም ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ሰላጣ፣ ቆስጣና ቃሪያ ይበቅላል። ልጣጩንና የረገፈውን ቅጠል በጉድጓድ ቢያጠራቅም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መልካም ማዳበሪያ ይሆንለታል። ነገር ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ በሚገባበት የወንዝ ውኃ ከማጠጣት ይጠንቀቅ፤ ለጤና የተተከለው ለበሽታ እንዳይሆን።

በሚመጣው መስከረም የገንፎው ምንቸት ሲገባ ደስ ይበለን። የጎመኑን ምንቸት ግን አጥበን በክብር እናስቀምጠው እንጂ አንጣለው። የክፉ ቀን ወዳጅ በደጉ ቀን አይረሳምና።