«እረኛ ምን አለ?»፦ ከነጋሪት እስከ ቴሌቪዥን አስተያየት መስጫ

በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የቴሌቪዥን ውይይት እከታተል ነበር። አቅራቢው ፈገግ ብሎ፣ «ውድ ተመልካቾቻችን፣ አስተያየታችሁን በፌስቡክ ገጻችን ላኩልን፤ አሁኑኑ እናነበዋለን» አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። በዐማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ነበርና፤ መመለስ የጀመረውም ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። ሳቁ ቢያልፍም ጥያቄው አብሮኝ ቀረ። ቴሌቪዥንን ከኢንተርኔት አስተያየት ጋር ማጣመር በእርግጥ ይጠቅማልን? ወይስ ያልተጠየቀን ሕዝብ የተጠየቀ ማስመሰያ ነው?

ለዚህ መልስ ለማግኘት ታሪክን መለስ ብሎ ማየት ይበጃል። ቀደም ባለው ዘመን የቤተ መንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ የሚወርደው በዐዋጅ ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል፣ ያበቃል። የሕዝቡ ቃል ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ግን ጨርሶ አልጠፋም። «እረኛ ምን አለ?» እያሉ መጠየቅ የመኳንንቱ ልማድ ነበር። በመስክ የተዜመች አንዲት ስንኝ የዘመኑን ብሶት ትሸከም ነበርና። በተለይ ጎጃም፣ ሰምና ወርቅ በሚፈተልበት አገር፣ እረኛውም የሚናገረውን ያውቅ ነበር። ልብ በሉ፤ ገዥው እረኛውን የሚያዳምጠው ስለሚወደው ሳይሆን ስለሚፈራው ነው። የዚህ አሠራር ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሳያዳምጡ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል ደግሞ 1960 ዓ.ም. ይመሰክራል። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ፣ በተለይ የሞጣና የዳሞት ሰው፣ መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነካ ነው ብሎ ሰጋ። አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ የጦር አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም በተግባር ተተወ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ሥርጭቱ ግን ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበርና ገበሬው በቴሌቪዥኑ አልተናገረም፤ ቴሌቪዥኑም ገበሬውን አልሰማም።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየተራቀቀ ሄደ። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ሥዕሉ ቀለም አገኘ። ቃሉ ግን ያው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቃል ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የ«ፕላዝማ» ትምህርት የማስታውሰው በዚሁ ዐይን ነው። በዚያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ጀማሪ መምህር ነበርሁ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በተመደበለት ሰዓት ይመጣል። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ሲል መስኮቱ አይቆምለትም። እኔም ማስቆም አልችልም። መምህርና ተማሪ አብረን ተመልካች ሆንን።

በዚያው ዓመት ግን ሌላም ነገር አይተናል። ከግንቦት 7 ቀን ምርጫ በፊት የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። ተመልካቹ የሚጫነው ቁልፍ አልነበረውም። ሆኖም ባለሥልጣን በሕዝብ ፊት ተጠይቆ መልስ ሲያጣ ያየ ሰው፣ ጉዳዩ የራሱ እንደሆነ ተሰማው። መልሱንም በምርጫ ሳጥን ሰጠ። ከዚያ ምን ሆነ? ከሰኔ 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የስልክ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘጋ፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ መባቻ ነው። ያው የጽሑፍ መልእክት ኋላ ለሕዳሴው ግድብ በ8100 መዋጮ ለመሰብሰብ ዋለ። መዋጮው መልካም ነበር፤ እኔም ልኬአለሁ። ግን ለገንዘብ የተከፈተ መስመር ለአቤቱታ ለምን ይጠብባል? ከግሽ ዓባይ ሥር ተቀምጦ ይህን መጠየቅ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሰኛል።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ «ኪዩብ» የተባለ የኬብል ቴሌቪዥን ተመልካቾች ቁልፍ እየተጫኑ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ አድርጎ ነበር። አዲሱ ዴሞክራሲ ነው ተባለለት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ግን አበቃ። ወጪው ከባድ ነበር። ቁልፉም ቢሆን ሌላ ሰው ካዘጋጀው ምርጫ ውጭ ሐሳብ አይቀበልም።

አስተያየት መስጫው ፋይዳ የለውም እያልሁ አይደለም። ከባሕር ማዶ ያለው ወገን ይሳተፍበታል፤ የተሳሳተ ዜናም ወዲያው እርማት ያገኛል። በአንጻሩ ግን በየገጹ ዘር ቆጥሮ መሰዳደብ እንደሚበዛ ሁላችንም እናያለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኢንተርኔት የሌለው ገበሬ ከመጀመሪያውም ከውይይቱ ውጭ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት የመሣሪያው ዋጋ የሚመዘነው በአንድ ነገር ነው፦ የተጠየቀው አካል የመመለስ ግዴታ አለበትን? አንድ ጣቢያ በሳምንት አንድ ሰዓት መድቦ፣ ከሰከላ በመደበኛ ስልክ የደወለን ገበሬ ስለ ማዳበሪያው ቢያስጠይቅ፣ ኃላፊውም በሚቀጥለው ሳምንት ቀርቦ ቢመልስ፣ ከሺህ የፌስቡክ አስተያየት ይበልጥብኛል። አባቶቻችን ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅን ግን ያውቁ ነበር። የዛሬዎቹ «አስተያየታችሁን ላኩልን» ይሉናል፤ መስመሩ ግን ተቆርጧል።

ቸር ወሬ ያሰማን!