ዋስ የሌለው ካሜራ

በእኛ አገር ገበያ በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋስ መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው። ከብቱ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበትና። ዛሬ በጠዳም ሆነ በአዘዞ በሱቅና በመጋዘን በር ላይ ለሚሰቀለው፣ ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኘው ካሜራስ ዋሱ ማነው?

ጥያቄው ዓለምን ያስደነገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። «ሚራይ» የተባለ ቫይረስ ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና መቅረጫዎች እየፈለገ ያዘ። ኦክቶበር 21 ቀን እነዚሁ መሣሪያዎች «ዳይን» በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ዘመቱ፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ተቋረጡ። ብዙ ክፍሎቹ በጥቃቱ የተገኙበት የቻይናው ሺዮንግማይ አንዳንድ ምርቶቹን ከአሜሪካ ገበያ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ለሌላው ዓለም ገዢ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልተገባለትም።

በ2017 ደግሞ በሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ። ኩባንያው ማስተካከያ አወጣ። ነገር ግን ለቻይና ገበያ ተሠርተው ከወኪል ውጭ የወጡት፣ ሌሎች ሰዎች ሶፍትዌራቸውን ነካክተው እንግሊዝኛ ያደረጓቸው ካሜራዎች ማስተካከያውን በወጉ መቀበል አልቻሉም። ማዘመን የሞከረ ሰው ካሜራው ወደ መጀመሪያ ቋንቋው ሊመለስበት ይችላል፤ ያላዘመነው ደግሞ በሩ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። አምራቹ «በእኔ መንገድ አልመጣም» ይላል፣ ሻጩ «እኔ አልሠራሁትም» ይላል። ገዢው መሀል ላይ ነው።

የሚገርመው፣ የእኛ ሕግ ይህን ጉዳይ ቀድሞ አስቦበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ከኃላፊነት የሚያመልጠው ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ነው። የሶፍትዌር ክፍተትን የትኛው ባለሱቅ አገላብጦ ያየዋል? ሕጉ የወጣው ኢንተርኔት ሳይኖር ቢሆንም መንፈሱ ለዛሬም ይሠራል።

ችግሩ ማስፈጸሙ ነው። ፋብሪካውን ከሃንግዡ ጎንደር ፍርድ ቤት ማቆም ዘበት ነው። በአንጻሩ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚሰበስበውን ድርጅት እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ስለዚህ ሸክሙ የሚያርፈው ክፍተቱን መድፈን በማይችለው ባለካሜራ ላይ ነው።

አውሮፓ በ2024 ያጸደቀው ሕግ መንገድ ያሳያል፦ አምራቹ በመርህ ደረጃ ቢያንስ ለ5 ዓመት ክፍተት እንዲደፍን ይገደዳል፣ አስመጪውም ይህን ሳያረጋግጥ ገበያ ላይ ማውጣት አይችልም። ዋና ግዴታዎቹ ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ይጸናሉ።

ለእኛም የሚበጀው ይኸው ነው፤ አምራቹን ማግኘት ካልተቻለ አስመጪው ዋስ ይሁን። እስከዚያው ካሜራ ስትገዙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ማዘመኛው ከአምራቹ በቀጥታ ይመጣል?» ሻጩ መልስ ከሌለው፣ በሬ ቢሆን ኖሮ አትገዙትም ነበር።