ሰው ያወለቀው ማርሚታ

ስሙኝማ! የሞተር ሳይክል ማርሚታ ወሬ ላወራችሁ ነው፤ ግን ከጠመንጃ እጀምራለሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሂራም ማክሲም የሚባል አሜሪካ የተወለደ፣ ለንደን የከተመ ሰው ነበር። በ1884 በራሱ እየጎረሰ ሳያቋርጥ የሚተኩስ መትረየስ ሠርቶ ለዓለም አሳየ። ያንን መሣሪያ ሲያስተኩስ ኖሮ ኖሮ የገዛ ጆሮው ደነቆረ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ ዕድሜውን ለተቃራኒው ሰጠ። የመታጠቢያ ገንዳው ውሃ እየተሽከረከረ ወደ ቀዳዳው ሲወርድ አይቶ፣ ከአፈሙዝ የሚወጣው ጋዝም እንዲሁ ቢሽከረከር ኃይሉ በርዶ ይወጣል ብሎ አሰበ ይባላል። በ1909 የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛውን በስሙ አስመዘገበ፤ ኩባንያውም ኋላ ላይ ለሞተር የሚሆን ማፈኛ፣ ማለትም ማርሚታ፣ ወደ መሥራት ዞረ። እርግጥ ለሞተር ማፈኛ በማስመዝገብ የኢንዲያናዎቹ የሪቭስ ወንድማማቾች ቀድመውታል፤ የነሱ የ1897 ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የአባትና የልጁ ነገር ነው፤ አንዱ ያደነቆረውን ሌላው ሊያክም የተነሣ ይመስላል።

አሁን ወደ ሞተር ሳይክላችን እንምጣ። የአሜሪካን ሰፊ መንገድ ሻንጣ ጭኖ ቀኑን ሙሉ የሚጓዘውን ሃርሊ ዴቪድሰን፣ ለምሳሌ ሮድ ኪንግን አስቡ። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ፒስተኖች የተያያዙት ከአንድ ፒን ጋር ነው። ስለዚህ ፍንዳታው እኩል አይመጣም፤ አንዴ በ315 ዲግሪ፣ አንዴ በ405 ዲግሪ ነው። ሰው ከሩቅ ሰምቶ «ሃርሊ መጣ» የሚልለት አንካሳ ምት የሚመጣው ከዚህ ነው። ኩባንያው በ1994 ይህንን ድምፅ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ሊያስመዘግበው አመለከተ። ተፎካካሪዎቹ ተቃወሙ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በ2000 ማመልከቻውን ራሱ አነሣ።

ድምፁን ወድዶ የገዛው ሰው ታዲያ አዲሱን ሞተር ሲያስነሣ ዝግ ይልበታል። ከ1986 ወዲህ የተሠራ የመንገድ ሞተር ሳይክል በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መለኪያ ከ80 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ባለገንዘቡ ገና አቧራ ያልነካውን ማርሚታ ያወልቅና የሚጮኸውን ያስገጥማል። እኔ የማወራችሁ ስለዚያ ስለወለቀው ነው።

ክሮሙ እንዳበራ፣ የድምፅ ልኩን ማሟላቱን የሚያሳየው የመንግሥቱ ማኅተም እንደተመታበት፣ ጥንዱ ማርሚታ ጋራዥ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ባለቤቱ ቦታውን ለማስለቀቅ ሲል ባገኘው ዋጋ ይሸጠዋል። የእናንተ ማርሚታ ዝጎ ተበስቶ፣ ወይም ወድቃችሁ ተጨራምቶ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዕቃ አታገኙም። ፋብሪካው ለዚያው ሞተር ለክቶ የሠራው ነዋ!

አዲስ ሆኖ ርካሽ የሆነውስ? ይኼ ረጋ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ማርሚታ ድምፅ የሚያፍነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በውስጡ ክፍሎች አሉት፤ የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለተኛው ወንፊት የመሰለ ቱቦ ነው፤ ዙሪያው በመስታወት ጥጥ ይጠቀጠቃል፤ ድምፁን ጥጡ ይመጠዋል። ብዙዎቹ ርካሾች ይህን ሁለተኛውን ይመስላሉ። ጥጡ በሙቀት እየተቃጠለ፣ በጭሱ ግፊት እየተጠረገ ይወጣል። ሲገዛ ልከኛ የነበረው ድምፅ እያደር ይሻክራል። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ጫፉ በቡሎን ይፈታል ወይስ ተበይዷል? የሚፈታ ከሆነ ጥጡን መቀየር ይቻላል። ከተበየደ ግን ጥጡ ያለቀ ቀን ማርሚታውም አለቀ ማለት ነው።

ከሁሉ የረከሰው ባዶ ቧንቧ ነው። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል እንደሚባለው፣ ጭስ ማውጫው ሲነካ ሞተሩ ያለቅሳል። ባዶ ቧንቧ የሞተሩን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይቀንሳል። ሰው ከኋላ አፈናጦ፣ ሁለት ሻንጣ ሞልቶ ዳገት ለሚወጣ መንገደኛ ደግሞ ዋናው ጉልበት ያ ነው።

«የሚጮህ ጭስ ማውጫ ነፍስ ያድናል» የሚሉ አሉ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ተመራማሪው ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ 900 አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረው በ1981 ያወጡት ጥናት ሌላ ይናገራል። ከአራቱ አደጋ ሦስቱ የመጡት ከፊት ነው፤ ከቀጥታው መንገድ በግራም በቀኝም ከ45 ዲግሪ ባልራቀ አቅጣጫ። ጭስ ማውጫው የዞረው ወዴት ነው? ወደ ኋላ። ጩኸቱን አሟልቶ የሚሰማው ያለፋችሁት ሰው ነው።

ነጂውም ይሰማዋል። የሙያ ጤና ሊቃውንት ለጆሮ የፈቀዱት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት። በፈጣን መንገድ ላይ የራስ ቁር ውስጥ የሚያፏጨው ነፋስ ብቻውን ከ85 ያልፋል። በዚያ ላይ ርካሽ ማርሚታ ብዙ ጊዜ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ልክ የጉዞ ፍጥነት ላይ ሲደርሱ እምምም እያለ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። ሱቅ በር ላይ ቆሞ ነዳጅ እየሰጡ ማዳመጥ ይህንን አያሳይም። የሚያውቀው ዕቃውን ገጥሞ በአውራ ጎዳናው ፍጥነት ረዘም አድርጎ የነዳ ሰው ነው፤ እሱን ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ ብረቱ ላይ የተመታውን ጽሑፍ አንብቡ። «ለዝግ የውድድር ሜዳ ብቻ» የሚል ካለ ለመንገድ የተፈቀደ አይደለም። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ከ2013 ወዲህ የተሠራ ከሆነ የፌዴራሉ ማኅተም የሌለበት ጭስ ማውጫ ያስቀጣል። የሞዴሉን ዓመትም አትርሱ፤ ሃርሊ በ2017 የጉዞ ሞተሮቹን ስለቀየረ ከዚያ በፊት ላሉት የተሠራ ማርሚታ ለአዲሶቹ እንዳለ አይገጥምም። ማሰሪያውንና ጓርኒሲዮኑን ግን አሮጌ አትመልሱ፤ አዲስ ግዙ። እዚያ ላይ የምትቆጥቡት ጥቂት ዶላር ነው፤ ጭሱ በመጋጠሚያው ካፈተለከ ደግሞ ስታወልቁ ስትገጥሙ ትውላላችሁ።