ኡስታዙ ዓረብ አይደለም

ስሙኝማ! የማወራላችሁ ስለ አንድ የቡታጅራ ኡስታዝ ነው። ስሙን አትጠይቁኝ፤ ብዙ ሰዎችን ጨምቄ አንድ ያደረግኩት ሰው ነው። ወልቂጤም አለ፣ መርካቶም አለ። ቀን መድረሳ ያስተምራል። ማታ ኢሻ ሰግዶ ይገባና ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "አሰላሙ ዐለይኩም፣ ትሰሙኛላችሁ?" ይላል። አንዱ ተማሪ ጅዳ ነው፤ አንዷ ቤይሩት። አንዱ መርካቶ ሱቁን ዘግቶ የቀኑን ሒሳብ ገና ያልጨረሰ ነጋዴ ነው። ሌላዋ እዚያው ቡታጅራ፣ ልጇን አስተኝታ የተቀመጠች እናት ናት። ሁሉም ዓረብኛ ሊማሩ ነው የተሰበሰቡት። ከመካከላቸው ግን፣ ኡስታዙ ራሱ ሳይቀር፣ ዓረብኛ አፉን የፈታበት የለም።

"ዓረብ ያልሆነ ሰው ዓረብኛ ያስተምራል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ቆዩኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

የዓረብኛን ሰዋስው በትልቁ መጽሐፍ ያሰፈረው ሲበወይህ ፋርሳዊ ነበር። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በስራ ከተማ ተምሮ የጻፈውን መጽሐፍ ዓረቦቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ "አል ኪታብ" እያሉ ይጠሩታል፤ መጽሐፉ እንደማለት፣ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ደግሞ የእኛ ሀገር ደረሳ፣ የዲን ተማሪው፣ ነሕው ማለትም ሰዋስው ሲጀምር የሚይዛት ያቺ ትንሽ ኪታብ፣ አጅሩሚያ፣ የማን ናት? በ1323 እ.ኤ.አ. ያረፈው የፌዙ ኢብን አጅሩም ናት፤ እሱም በርበር ነው። በእኛ ዘመንስ? ዓረብ ላልሆኑ ተማሪዎች ተብለው ከተጻፉት ሁሉ ዓለምን ያዳረሰው "የመዲና መጽሐፍ" የዶክተር ዐብዱረሒም ነው። ሰውየው የደቡብ ህንድ፣ የታሚል ናዱ ልጅ ናቸው። በመዲናው እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ከየአህጉሩ የሚመጣውን ተማሪ ሲያስተምሩ አዘጋጁት፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አረፉ። አያችሁ? የቡታጅራው ኡስታዝ ብቻውን አይደለም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስም ያው ነው። ነሕው የጠማው ደረሳ ስንቁን ቋጥሮ ወሎ ይወርድ ነበር፤ እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ወዳሉ የትምህርት ደጆች። ጉራጌ ምድርም የራሱ ደጅ አለው፤ ቸሃ ውስጥ ያለው የአብሬት ሐድራ እስከ ዛሬ ዘያሪ ይጎርፍበታል። በእነዚያ ደጆች ሸኹ ቆሞ ንግግር አያደርግም። ይቀመጣል። ደረሳው ፊቱ ይንበረከክና የራሱን ኪታብ ያነባል፤ ሲሳሳት ሸኹ ያርመዋል፣ ደግሞ ያስነብበዋል። ከዚያ ተረኛው ይቀርባል፤ እሱ ሌላ ኪታብ፣ ሌላ ገጽ ላይ ነው።

ኡስታዛችንም ከዚህ ሥርዓት አልወጣም። "ማይክሽን ክፈቺ፣ አንብቢ" ይላታል ቤይሩት ያለችውን። ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ዋናው ጣጣ ጉሮሮ ላይ ነው። አማርኛችን ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ጋር በአፍ ካቀላቀለ ዘመናት አልፈዋል፤ በፊደል ብንለያቸውም በጆሮ አንለያቸውም። ዓረብኛ ደግሞ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። ቸሃ ጉራጌኛ ተናጋሪው ግን አንድ ነገር በነፃ ያገኛል፦ ኸ ከልጅነቱ አፉ ውስጥ ስላለች ለሷ አይለፋም። ሌላው በጉሮሮው ሲታገል እሱ ፈገግ ይላል። ምላስን በጥርስ መሃል አውጥተው የሚሏት ሳ ስትመጣ ግን ሁሉም እኩል ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ኔትወርክ የሚገባው። መስመሩ ሲደክም እንደዚህች ሳ ያሉ ቀጫጭን ድምፆች በቶሎ ይጠፋሉ፤ የምላሱን ቦታ ለማሳየት ካሜራ ይከፈት ቢባል ፓኬጅ ይበላል። ብዙዎቹ ሴቶች ደግሞ ፊታቸውን ማሳየት አይፈልጉም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ በድምፅ ቀድተው ይልኩለታል፤ እሱም አርሞ በድምፅ ይመልሳል፤ እነሱ ደጋግመው ይሰሙታል። እኔን ብትጠይቁኝ ከቀጥታው ትምህርት ይህ ይበልጣል። ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ የቀረ ትምህርት እናንተ ትሰሙታላችሁ እንጂ እሱ አይሰማችሁም፤ የማይሰማ አስተማሪ ደግሞ ዐን አያርምም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ለቤት ሥራ ዓረብ ሀገር በኮንትራት ልትሄድ የተዘጋጀች የወልቂጤ ልጅ እዚህ ክፍል ገባች እንበል። ኡስታዙ "ማዛ ቱሪዲን" ያስተምራታል፤ ምን ትፈልጊያለሽ ማለት ነው። የመጽሐፍ ዓረብኛ ነው፣ ንጹሕ፣ ቁርአን የሚነበብበት። ጅዳ ስትደርስ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ "ኢሽ ቲብጊ" ትላታለች። ሪያድ ብትሆን "ወሽ ተቢን"፣ ቤይሩት ብትሆን "ሹ በዲክ"። ልጅቷ ዝም ትላለች። ዝምታዋ እንቢታ ይመስላል፣ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የስምንተኛ ክፍል ትምህርትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ጠይቆ ነበር፤ መልካም ነበር። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ግን "ኢሽ ቲብጊ"ን ከየት ትሰማለች?

ኡስታዙ ይህን የአፍ ዓረብኛ አያውቅም፤ ቢያውቅም ሥራው አይደለም። የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። ዓመታት ጅዳና ኩዌት ኖረው የተመለሱት፣ ዛሬ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የሚያፈሉት፣ ቡታጅራ ገበያ ልብስ የሚሸጡት እህቶቻችን! ዓረብኛን ወጥ ቤት ውስጥ፣ በጆሯቸው፣ ያለ ኪታብ ተማሩት። ማዳም ስትቆጣ ምን እንደምትል፣ "ታምሜአለሁ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ" እንዴት እንደሚባል፣ ደመወዝ ሲዘገይ በምን ቃል እንደሚጠየቅ ያውቃሉ። ማንበብ የማይችሉም አሉ፤ ለዚህ ማንበብ አያስፈልግም። አስተማሪ ብሎ የጠራቸው ግን የለም፤ ሰርተፊኬት የላቸውማ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት ዓረብ ሀገር ለመሄድ የተነሣች ልጅ ካለች ለፊደሉና ለቁርአኑ ኡስታዙ ጋ አስመዝግቧት። ለኑሮው ግን ከዓረብ ሀገር የተመለሰችውን እህት ፈልጉ፤ በስልክም ቢሆን በየማታው ግማሽ ሰዓት ታናግራት፣ የድካሟንም ክፈሏት።