ሬጌ ጫግኒን የሰማበት ዘመን

በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የሚባል አልበም ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ከዓመታቱ ጋር የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድምፁ የጫግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው፣ የጂጂ ነው። የሙዚቃው አያያዝ ግን የጃማይካ ነው፤ ቤዙና ከበሮው ፊት ወጥተው ይነግሣሉ፣ የቀረው በማሚቶ ይሰምጣል፣ የጂጂ ድምፅ ብቅ ብሎ ይጠፋና ከሩቅ ተመልሶ ይመጣል። ከሥራዎቿ ሁሉ በአገር ቤት በጥቂቱ የሚነሣው ይህ ነው። እኔ ግን የሬጌና የኢትዮጵያ ዝምድና ሲተረክ ጫግኒ ከሻሸመኔ እኩል መነሣት አለባት የምለው በዚህ አልበም የተነሣ ነው።

የተለመደውን ትረካ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1930 የተፈሪ መኮንን ንግሥ በጃማይካ ድሆች ዘንድ እንደ ትንቢት ፍጻሜ ታየ፤ ለጥቁር ሕዝቦች የሚሆን መሬት በሻሸመኔ ተሰጠ፤ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቀለቀው። ቦብ ማርሌ በ1976 «ዋር» የተባለውን ዘፈን የሠራው ጃንሆይ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ካደረጉት ንግግር ነው። በ1978 ራሱ ኢትዮጵያን አይቶ ሄደ፤ በ2005 ደግሞ ስድሳኛ የልደት ዓመቱ መስቀል አደባባይ ላይ ተከበረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኢትዮጵያ ስም ናት፣ ሰንደቅ ናት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ናት። ዜማዋ ግን የለም። «ዘ አቢሲኒያንስ» የተባሉት ሦስት ድምፃውያን እንኳ በዘፈናቸው የአማርኛ ቃላት አስገቡ እንጂ ቅኝታችንን አላገኙትም።

አንድ ቡድን ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገው የኢትዮጵያውያን ባንድ «ዳሎል» በ1988 የዚጊ ማርሌንና የወንድም እኅቶቹን «ኮንሽየስ ፓርቲ» አልበም አጅቧል፤ አልበሙም ግራሚ አሸንፏል። የእኛ ልጆች እዚያ ያለውን ሬጌ ከባለቤቶቹ ጋር ተካክለው ተጫወቱ። የራሳቸውን ዜማ ይዘው የሚገቡበት በር ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

በሩ የተከፈተው በደብ በኩል ነው። ደብን ያስጀመሩት ከሬዲዮ ጠጋኝነት የተነሡት የኪንግስተኑ ኪንግ ተቢ ናቸው፤ የተቀዳ ዘፈን ሚክሰር ላይ አስቀምጠው ድምፃዊውን ያወጡታል፣ ጊታሩን ይቆርጡታል፣ አንዷን ቃል ብቻ በማሚቶ ይለቋታል። ዘፈኑ እንደ አዲስ ይወለዳል። በቀረው ባዶ ሙዚቃ ላይ የሳውንድ ሲስተሙ፣ ማለትም የተንቀሳቃሹ የድግስ ድምፅ ማጉያ፣ ማይክሮፎን ያዥ ግጥም ያወርድበት ጀመር፤ ዳንስሆል የመጣው ከዚህ ነው። በ1985 የተቢ ተማሪ ኪንግ ጃሚ በትንሽ ካሲዮ ኪቦርድ የተሠራውን «ስሌንግ ቴንግ» ሲያወጣ ደግሞ ባንድ ሳይቀጠር ዘፈን የሚሠራበት ዘመን ባተ። ኪንግስተን ተወልዶ ያደገው ክላይቭ ካምቤል፣ ማለትም ዲጄ ኩል ኸርክ፣ የሳውንድ ሲስተሙን ልማድ ይዞ ወደ ብሮንክስ ሄደና ነሐሴ 11 ቀን 1973 በተደረገ ግብዣ ላይ ከዘፈኖች ውስጥ የከበሮውን ክፍል እየደጋገመ አጫወተ። ሂፕ ሆፕ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ምሽት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ አልበም ሬጌን፣ ዳንስሆልንና ሂፕ ሆፕን ቀላቀለ ሲባል ተለያይቶ የነበረ አንድ ቤተሰብ ተገናኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጫግኒ። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወርዱ የሚደረስባት ከተማ ናት፤ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ የሚያመራው መንገድ ያልፍባታል። አውኚ፣ አማርኛና ጉምዝኛ አንድ ገበያ ላይ ይሰማሉ። ጂጂ በልጅነቷ ከቤታቸው ከነበሩ ቄስ ዜማ መማሯን ተናግራለች፤ ድምፅዋን ላዳመጠ ሰው ይህ አያስገርመውም። ናይሮቢ ቆይታ አሜሪካ ከገባች በኋላ ያገኛት ክሪስ ብላክዌል ነው፤ አይላንድ ሪከርድስን መሥርቶ ቦብ ማርሌን ለዓለም ያቀረበው ሰው። አዲስ ባቋቋመው «ፓልም ፒክቸርስ» አስፈረማት። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ደግሞ በ1983 ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮኪት»ን ሠርቶ የሂፕ ሆፕን ሸክላ መፋተግ ወደ ዓለም መድረክ ያወጣ፣ በ1997 የማርሌን ዘፈኖች በደብ መልሶ የሠራ ሰው ነው። በ2001 በወጣው «ጂጂ» አልበም ላይ የጃዝ ሰዎቹ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ላስዌል ያንኑ አልበም ደብ አደረገው።

የሬጌ ምት የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶ ሦስተኛው ላይ ያርፋል፤ የእኛ ችክችካ ደግሞ በስድስት ይንከባለላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ሲያዳቅል ዘፋኙን በአራት ምት አጥር ውስጥ ያስገባዋል፤ ያኔ የጎጃም ዜማ እጥፋቱ ይጠፋል፣ እስክስታውም ይሞታል። ላስዌል ግን ከበሮውን አራርቆ፣ ቤዙን አዝግሞ፣ መሐሉን ክፍት ተወው። የጂጂ እንጉርጉሮ በዚያ ክፍት ቦታ እንደ ልቡ ይታጠፋል። ማሚቶው ሲመልሰው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ያህል ይሰማል። ለዚህ ነው ሥራው የእኛን ዜማ በሬጌ ቅመም አጣፍጦ ካቀረበ ተራ ቅልቅል የሚለየው።

እኅቷ ትዕግሥት ሽባባው ደግሞ የሂፕ ሆፑን መንገድ ይዛለች። በ2006 ከፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሾመርና ከራፐሩ ማኪ ሲራጅ ጋር በኒው ዮርክ «ቦሌ ቱ ሃርለም»ን ሠራች። «ሆያ ሆዬ» በዚያ አልበም ከሃርለም ከበሮ ጋር ተፋጥጧል፤ የትዕግሥት ድምፅ ከጂጂ ይልቅ ሻካራ፣ ቅርብና ተጫዋች ነው። በ2008 አረፈች። ለሁለተኛ አልበም ሳትበቃ መቅረቷ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በ2010 ራፐሩ ናስና የቦብ ልጅ ዴሚየን ማርሌ «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የተባለውን የሬጌ፣ የዳንስሆልና የሂፕ ሆፕ አልበም ሲያወጡ የመጀመሪያው ዘፈን የተገነባው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ትዝታ ቅኝት በማርሌ ቤት ገባ። ያም ሆኖ የገባው የተቆረጠ ሸክላ ነው፤ ሰው ከነድምፁ የገባው ከሰባት ዓመት በፊት ነበር።

አገር ቤትም ሥራው ቀጥሏል። እዮብ መኮንን በ«እንደ ቃል» አልበሙ አማርኛ በሬጌ ላይ ሳይቸኩል እንደሚቀመጥ አሳየ። ኃይሌ ሩትስ ችክችካንና ሬጌን አጋብቶ «ቺጌ» አለው፤ የስድስቱንና የአራቱን ምት ጥያቄ ፊት ለፊት የተጋፈጠ ሙከራ በመሆኑ አከብረዋለሁ። እኔ አሁን የምጠብቀው የአውኚ ደብ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች በሚሰበሰቡበት በዓል ላይ የሚወርደውን ዜማ በጥሩ ማይክሮፎን የሚቀዳ፣ ከዚያም ከበሮውን ቀንሶ ቦታ የሚሰጠው አንድ ወጣት ፕሮዲዩሰር ያስፈልጋል፤ ሥራው የሚጠይቀው ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው፤ እንጅባራም ሆነ ጫግኒ ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል።