ከመካነ ሰላም እስከ ካዕባ፡ ቀጥ ያለው መስመር

የቦረና መንገድ ገደሉን እየዞረ ይጠማዘዛል፤ ቂብላ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን፣ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብለን እንቆማለን። መስመሩ በወሎ ተራሮች፣ በትግራይና በኤርትራ አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መካ ከሞላ ጎደል ከኛ በስተሰሜን ስለሆነች ካርታ ላይ በማስመሪያ ብናሰምርም ያው ነው።

ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ግን ክርክር አለ። በካርታው መካ ያለችው በደቡብ ምሥራቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመረቀው የከተማው እስላማዊ ማዕከል መስጂድ ደግሞ የዞረው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ተሳስቶ ይሆን? አልተሳሳተም።

የግሪኩ ኡቅሊዲስ (ኢዩክሊድ) የጻፈለት ቀጥታ መስመር የጠፍጣፋ ገጽ ነው። መጽሐፉን በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን አል-ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ ወደ ዐረብኛ መለሰው። ምድር ግን ድቡልቡል ናት፤ በእሷ ላይ አጭሩ መንገድ የትልቅ ክብ ቅስት ነው። አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1025 የጋዝናን ቂብላ ያሰላው ይህን ይዞ ነው፤ ያውም ያለ ሳተላይት!

የተጠራጠረ ሉል ያምጣና ከዋሽንግተን እስከ መካ ክር ይወጥር። ክሩ መጀመሪያ የሚወጣው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው።