ማገዶ፤ አከማቸቱና ከተባይ አጠባበቁ

ማገዶ ለማብሰያና ለማሞቂያ የሚነድ ፍልጥ፣ ጭራሮና ኩበት ሲሆን፣ በዋግ ኽምራ በሚገኘው በፃግብጂ ወረዳ፣ እንደ ሰቆጣ ዙሪያው ሁሉ፣ የገጠር ቤተሰብ ዋና የኃይል ምንጭ ነው። አገሩ ደኑ የተመናመነ በመሆኑና ዝናቡም በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ በበጋ የተለቀመውን ግራርና ክትክታ አድርቆ ለክረምት ማቆየት ከለቀማው ያላነሰ ሥራ ነው።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ የሙቀቱ ከፊል ውኃውን በማትነን ይባክናል፣ ጭሱም ይበዛል። ስለዚህ ወፍራሙ ግንድ ተፈልጦ፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ ሆኖ ይደረደራል።

የክምሩ ዋነኛ ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ በአፈር ውስጥ ተሰባስቦ የሚኖር ነፍሳት ሲሆን፣ ከድርቀትና ከብርሃን ስለሚሸሽ ወደ እንጨቱ የሚደርሰው ከአፈርና ከምራቁ በሚሠራው ጠባብ መተላለፊያ ተሸፍኖ ነው፤ ክንፍ ያለው አሸንም ዝናብ ሲጀምር ወጥቶ አዲስ መንጋ ይመሠርታል። እንጨቱን በድንጋይ ረድፍ ላይ ከፍ አድርጎ መደርደር መተላለፊያውን ለዓይን ያጋልጠዋል፤ ታይቶ ሲፈርስም የምስጡ መንገድ ይቋረጣል። ክምርን ከቤት ግድግዳ ማስጠጋት ግን፣ ለእጅ ቢቀርብም፣ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ምስጡ በግድግዳው ድንጋዮች መካከል ባለው ጭቃ ሾልኮ የአፈር ጣሪያ የተሸከሙትን አግዳሚዎች ሊደርስባቸው ስለሚችል፣ የሚጠፋው ከአንድ ሸክም ማገዶ እጅግ ይበልጣል። አመድ መነስነስ የተለመደ ቢሆንም ዝናብ ያጥበዋልና ብቻውን አይበቃም።

ሌላው ተባይ እንጨት የሚሰረስር ጥንዚዛ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ቅርፊት ባለው እርጥብ እንጨት ላይ ስለሚጥሉና እጩ ውስጡን እየበላ ስለሚያድግ፣ ከክምሩ ሥር የሚታይ ደቃቅ ብናኝ ምልክቱ ነው። ቅርፊቱን ወዲያው መላጥ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ጭራሮም በሙቀቱና በጭሱ ደርቆ ስለሚቆይ ለተባይ አይመችም፤ እሳት እንዳይደርስበት ግን ከነበልባሉ በቂ ርቀት ያስፈልገዋል።

በማገዶ ላይ ፀረ ተባይ ኬሚካል መርጨት ፈጽሞ አይገባም፤ እንጨቱ ሲነድ መርዙ ከጭሱ ጋር ወደ ምግቡና ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። ክምሩን ለሚያነሣ ሰው ደግሞ ከምስጡ ይልቅ የሚያሰጋው በፍልጡ መካከል የሚጠለለው ጊንጥና እባብ ነውና፣ እንጨቱ ከላይ ጀምሮ፣ በቀን ብርሃን፣ በበትር እየተነካካ ይነሣል።